ከፈሳሹ ጋር የተደፉት

ውድ ቀጮ፣

«ውድ» ያልኩህ ከልማድ ነው። ሰባት ዓመት አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ ተራ እየተጠባበቅን ሠርተናል፤ እጄ ሌላ አጻጻፍ አያውቅም። ደህና ነህ ወይ ብዬ ግን አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን በቴሌቪዥን አይቻለሁ።

ያን ሰኞ ጠዋት አትረሳውም። ከተክሉ ሥር ያጣራነውን ንጥረ ነገር የጨመርንባቸው ሳህኖች ባዶ ሆነው አገኘናቸው። የካንሰር ግንድ ሴሎች፣ እነዚያ ዕጢው ከጠፋ በኋላ እንኳ አድፍጠው ቆይተው መልሰው የሚያበቅሉት ጉዶች፣ አንድም አልቀረም። «ድራሻቸው ጠፋ!» ብለህ አቀፍከኝ። እኔም አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ፤ ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ ያኔ ለካንሰሯ ኬሞ ላይ ነበረች።

ማክሰኞ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። እነዚህ ሴሎች ሳህኑ ላይ አይጣበቁም፤ ተሰባስበው እንደ ትንንሽ ኳስ ይንሳፈፋሉ። አንተ መድኃኒት ያልገባባቸውን ሳህኖች ሴሎቹ የሚመገቡትን ፈሳሽ ስትቀይር ኳሶቹን በጥንቃቄ አስቀርተሃል። እኔ ግን መድኃኒቱ ከገባባቸው ሳህኖች፣ የተጣበቁ ሴሎች ይመስል አሮጌውን ፈሳሽ መጥጬ ደፋሁት። መድኃኒቱ አልገደላቸውም፤ እኔ ነኝ ከፈሳሹ ጋር የደፋኋቸው። አፍሬ ስነግርህ ሳቅህብኝ።

«አታካብጂ! እንደግመዋለን፣ አለቀ።»

ደገምኩት። ኳሶቹ ምንም ሳይሆኑ ሲንሳፈፉ አየኋቸው። ውጤቱን ጠረጴዛህ ላይ አስቀመጥኩልህ፤ አንተ ግን የመጀመሪያውን ይዘህ ጋዜጠኞች ፊት ቀረብክ። ስሜንም አልረሳህም፣ ተባረክ!

ይህም ይሁን። በሥራ ብቻ ብትክደኝ አኩርፌ እተወው ነበር። እታለም ግን ምን በደለችህ? ልትጠይቃት ሄደህ፣ ሶፋዋ ላይ ተደላድለህ፣ «ኬሞው ቅርንጫፉን ነው የሚቆርጠው፣ የእኛው ከሥሩ ይነቅለዋል» አልካት። የድጋሚውን ውጤት ካነበብክ በኋላ! እሷም ሕክምናዋን አቋረጠች። ሁለት ቀጠሮ አለፋት። ሐኪሟ ደውላ «አሁን ካልተመለሰች ምንም ላደርግላት አልችልም» አለችኝ።

ሮጬ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳህኑን፣ ኳሶቹን፣ የእኔን ስህተት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፦

«ቀንተሽበት ነው» አለች። «ቀጮ እኔን አይዋሸኝም።»

ይህን ያለችኝ አሥር ዓመት ያሳደገችኝ እህቴ ናት።

የሆነውን ለኃላፊዎች ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ሴሎቹን የደፋሁት እኔ መሆኔንም ጭምር። እነሱ መርምረው እስኪወስኑ ግን ወራት ይፈጃል፤ እታለም ወራት የላትም። ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አላት፣ አልሄድም ብላለች። ረቡዕ ሂድና ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለህ እንደዋሸሃት ንገራት። እኔን ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ፤ አልፈልገውም። እኔ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ እግሯ ላይ ወድቄ አቅቶኛል። የምታምነው አንተን ብቻ ነው።

ጠልቼሃለሁ፣ ቀጮ። ግን ሂድላት።

የእታለም እህት