ሳይታዩ ማየት የናፈቃቸው አርቲስት አትክልት ዓባይነህ

አርቲስት አትክልት ዓባይነህ ከአባታቸው ከአቶ ዓባይነህ ሽመክት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዱርሲቱ ዋቅጅራ በመጋቢት ወር 1949 ዓ.ም. በጫንጮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ጫንጮ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ሲሆኑ፣ እናታቸው የዚያው አገር ልጅ ነበሩ። በዚህም የተነሳ አርቲስት አትክልት በአማርኛ ይቆጡ፣ በኦሮምኛ ያባብሉ ነበር። እኛ የእህታቸው ልጆች ሁለቱንም ደህና አድርገን ቀምሰናል። ይህን ታሪክ የጻፍኩት ከእነዚያ ልጆች አንዷ፣ ያኔት ነኝ። ቤተሰቡ “አንቺ ወሬ ታሳምሪያለሽ” ብሎ ነው የሰጠኝ፤ ዛሬ ግን የማሳምረው ነገር የለኝም፣ እንደነበረ እናገራለሁ።

በ1956 ዓ.ም. በጫንጮ ትምህርት ጀመሩ። ልጅ ሳሉ አባታቸው ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሲወርዱ ይዘዋቸው ሄደው ትያትር አሳዩአቸው። የተቀመጡት ከፊት ነበር። መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ሲከፈት ከመድረኩ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ መጥቶ ፊታቸውን ነካቸው። አቧራ አቧራ፣ ቀለም ቀለም፣ እርጥብ እንጨት እንጨት ይሸት ነበር። የትያትሩን ታሪክ ስንጠይቃቸው አንዲት ቃል አያስታውሱም። ነፋሱን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። “የሌላ አገር በር የተከፈተ መሰለኝ” ይሉን ነበር፤ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እኛን ትቶ ሩቅ ይሄዳል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አዲስ አበባ አክስታቸው ቤት ሆነው ተከታተሉ። በ1968 ዓ.ም. የቀበሌ ኪነት ቡድን ገቡ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በሚገኝ ትያትር ቤት በተዋናይነት ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. እዚያው በመብራት ባለሙያነት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ፈቀደ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰለሞንና ሔለንን ወልደዋል። አቶ ፈቀደ “እኔ ነኝ ያበራሁሽ” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

አርቲስት አትክልትን አገር ያወቃቸው ግን በቴሌቪዥን ክፉ አማት ሆነው ሲጫወቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ ገበያ ቅቤ ሊገዙ ሄደው ሻጯ ሴትዮ “ምራትሽን ይቅርታ ሳትጠይቂ አልሸጥልሽም” ብላ አስቁማቸዋለች። እሳቸውም ምራት የለኝም ብለው አልተከራከሩም፤ እዚያው ገበያ መሀል ይቅርታ ጠይቀው ቅቤያቸውን ይዘው ተመለሱ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም በሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ለዓመታት ተጫውተዋል።

ይህ ሁሉ ዝና አንድ ነገር ነጠቃቸው፤ ቁጭ ብሎ ትያትር ማየትን። እሳቸው ከመጫወት ማየትን ይወዱ ነበር። ነገር ግን አዳራሽ ሲገቡ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ይዞራል፣ ስልክ ይወጣል፣ አስተዋዋቂው “ተወዳጇ አርቲስታችን ከመካከላችን ይገኛሉ” ብሎ ያስጨበጭባል። አቶ ፈቀደ የአዳራሹን መብራት ቀድመው እያጠፉ በጨለማ ያስገቧቸው ነበር። እሱም ቢሆን ብዙ አላዋጣም፤ አንዴ ከሳቁ በሳቃቸው ይታወቃሉ።

በ2008 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ ጀማሪ ወጣቶች ያዘጋጁትን ትያትር ልናይ አብረን ሄድን። መድረኩ ላይ ለቅሶ ነበር፤ አንዲት ልጅ የአባቷን አስከሬን አቅፋ ታለቅሳለች። አንድ ሰው ከጎናችን በስልኩ አበራብንና አዳራሹ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። ልጅቱም ለቅሶዋን አቋርጣ እጅ ነሳች። ይባስ ብሎ የሞቱት አባት ራሳቸው ቀና ብለው አዩን። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አርቲስት አትክልት ግን ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፣ ውጭ አጥሩን ተደግፈው አለቀሱ። “ልጆቹን ሥራቸውን ቀማኋቸው፤ ከእንግዲህ አልገባም” አሉ። ለዓመታትም አልገቡም።

በ2010 ዓ.ም. አቶ ፈቀደ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አርቲስት አትክልትም አብረው በሠሩት ሰበታ በሚገኘው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። በዚያን ጊዜ ትያትር የሚያዩት በሕልማቸው ብቻ ነበር። ጠዋት ስንደውል ሕልማቸውን ይነግሩናል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከፊት ተቀምጠዋል፣ አባታቸው ከጎናቸው አሉ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ መጋረጃው ሊከፈት ሲል ይነቃሉ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሰበታ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ኦቦ ባይሳ ከሚባሉ መምህር ጎን ተቀመጡ። ኦቦ ባይሳ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ዓይነ ስውራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ትያትር ሊያዩ እየሄዱ ነበር። “አካም ጅርቱ” ተባብለው ጨዋታ ጀመሩ። ኦቦ ባይሳም “ሁሉንም እንሰማለን፤ ዝም ሲባል ግን ይቸግረናል። ሰው ይስቃል፣ እኛ ምን እንዳሳቀው ሳናውቅ እንቀራለን” አሏቸው። አርቲስት አትክልት አላስቻላቸውም። “እኔ እነግራችኋለሁ” አሉ። ስማቸውን ሲጠየቁ የክርስትና ስማቸውን ሰጡ፤ “ወለተ ኪዳን።”

የተማሪዎቹ ቦታ የፊተኛው ረድፍ ነበር። ነጠላቸውን ተከናንበው መሀላቸው ገቡ፤ ሰው ሁሉ ከኋላቸው ሆነ፣ አጠገባቸው ያሉት ደግሞ ወደ እሳቸው አልዞሩም። መጋረጃው ሲከፈት ያ ነፋስ መጣ። ኤዶም የምትባል ተማሪ “መጣ!” ብላ ፊቷን ቀና አደረገች። አርቲስት አትክልት ያን ዕለት ደውለው ይህን ሲነግሩኝ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቁ ነበር፤ ነፋሱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ያለ አይመስላቸውም ነበርና።

ከዚያ በኋላ በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ትያትር አለ በተባለበት ከልጆቹ ጋር አይቀሩም። “አሁን ደብቃዋለች፤ ከወንበሩ ሥር ነው” እያሉ በለሆሳስ ይነግሯቸዋል። እኛ “ማንም ሳያውቅዎት እንዴት ቻሉ?” ስንላቸው እንደ ሌባ ይስቃሉ። በሕይወታቸው እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በ2016 ዓ.ም. ጉሮሯቸውን ታመው ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ፤ በሽታው ግን ድምፃቸውን ወሰደው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ኦቦ ባይሳ ደውለው ለትያትር ጋበዟቸው፤ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። “መናገር የማልችል ምን ላደርግላቸው ነው?” ብለው በምልክት እምቢ አሉኝ። እየተከራከርኩ ወሰድኳቸው። ወንበራቸው ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ኦቦ ባይሳ ወደ እሳቸው ጠጋ ብለው “እትዬ አትክልት፣ ዛሬ እርስዎ አይንገሩን። ዝም ብለው ይዩ” አሏቸው።

አትክልት ብለው ጠሯቸው! ኤዶም እጃቸውን ይዛ “ከመጀመሪያው ቀን እናውቃለን፤ በሬዲዮ ድምፅዎን እየሰማን አይደል ያደግነው? ከተናገርን ይሄዱብናል ብለን ነው” አለቻቸው። ከዚያ መጋረጃው ተከፈተ። ሲያስቅ የሚሳቅበት፣ ዝም ሲባል ዝም የሚባልበት ትያትር ነበር። እሳቸውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት፤ ማንም አልዞረም። እኔ ግን ትያትሩን አላየሁም፤ የማየው ፊታቸውን ነበር።

አርቲስት አትክልት ዓባይነህ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በሰበታ መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችኋቸው ጎረቤቶች፣ የዕድር አባላትና የሙያ ባልደረቦች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ገለቶማ።

ካህናቱ ዛሬ “ወለተ ኪዳን” ብለው ሲጠሯቸው ብዙዎቻችሁ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምታችሁት ይሆናል፤ የፊተኛው ረድፍ ግን ያውቀዋል። እዚያ የቆሙት ኦቦ ባይሳና ተማሪዎቻቸው ናቸው። እናንተም ከቴሌቪዥንና ከመድረክ የምናውቃችሁ አርቲስቶች ብዙ ሆናችሁ መጥታችኋል፤ ሰው ወደ እናንተ እየዞረ እንደሆነ አያለሁ። እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉና ከተማሪዎቹ አጠገብ ቁሙ። ሣጥኑ ሲነሣ፣ አበባው ሲቀመጥ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ እሳቸው ያደርጉት እንደነበረው የሚሆነውን በለሆሳስ ንገሯቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። ሕልማቸው በተቋረጠበት በዚያ በአባታቸው ጎን ያስቀምጥልን፤ መጋረጃውም እስከ መጨረሻው ይከፈትላቸው። አሜን።