ነገሩን ወይስ ሰውየውን

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የኮሚካችን የአርባ አንደኛው ክፍል ሥዕል ደረሰኝ። ሃያ ሁለት ሣጥን። ሥዕሉ የሠዓሊው፣ ንግግሩ የደራሲዋ፤ የእኔ ሥራ ፊደሉን ከሰዎቹ አፍ በሚወጣው አረፋ ውስጥ ማስገባት። ቦታ ኖሮ አያውቅም። ሠዓሊው ከሰው ንግግር የጋሽ ቁልፌ ፂም ይበልጥበታል።

ጋሽ ቁልፌ በኮሚኩ ቁልፍ ቀራጭ ናቸው። ቁልፍ ሊያስቀርፅ የመጣ ሁሉ የፍቅር ጣጣውን ይዘረግፍላቸዋል። እሳቸው ሞረዱን ሳያቆሙ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋሉ። የዛሬዋ ባለጉዳይ እጮኛዋ ከእሷ በፊት ሌላ ሴት አጭቶ እንደነበር ደብቋታል። መልሳቸው፦ «ነገሩን ተይው።»

አልገባ አለ። ፊደሉን ባሳንሰው በስልክ አይነበብም። «ነገሩን» የሚለውን ቆረጥኩ። «ተይው።» እንዲያውም አማረበት። ላክሁት።

የቤታችን መተላለፊያ መብራት ዛሬም ብልጭ ድርግም ይላል። ታናሼን «እጮኛሽ ኤሌክትሪሲያን፣ ቤታችን ጭለማ» አልኳት። አልሳቀችም። ለካ ሰውየው ሌላ ከተማ ለሥራ አመልክቷል፤ ሰርጉ አራት ወር ሲቀረው። የሰማችው ከባልደረባው ሚስት ነው። ከትናንት ጀምሮ ስልኩን አታነሳም።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ዓርብ፣ የካቲት 7

ክፍሉ ጠዋት ወጣ። እስከ ምሳ ስምንት መቶ አስተያየት። ሁሌ ሁለት መቶ ነው። ክርክሩ በሙሉ በአንዲት ቃል...

ነርሷ አንባቢያችን (ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አብራን ያለች)፦ «ምን ያጨቃጭቃል? ሰውየውን ተይው ነው ያሉት። አንዴ የደበቀ እጁ ለምዷል።»

ታክሲ ነጂው፦ «ነገሩን ነው እንጂ። ጋሽ ቁልፌ በር ይከፍታሉ፣ ሰው አያፋቱም።»

ሌላዋ፦ «ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን አሥራ አምስት ዓመት ‹እንደምን አደሩ› ብቻ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው የሚመክሩን? ለሰው ሐኪም፣ ለራሱ በሽተኛ።»

ስህተቴን ልነግራት ስል ደራሲዋ ቀድማ ደወለች። አይታዋለች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ... «እጅሽ ይባረክ። ማንም እንዳያብራራ። ይከራከሩ።»

«ለማንም?»

«ለማንም። አንድ ቃል ከዚህ ቤት ከወጣ ሌላ ፊደል ለቃሚ እፈልጋለሁ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ታናሼ ቀለበቷን አወለቀች። ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት፣ ሹካ ስፈልግ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጋሽ ቁልፌም ተይው ብለዋል።»

የቀለደች መሰለኝ። ዓይኗን አየሁ... አይደለም።

«የኮሚክ ሽማግሌ ነው እኮ ልጄ።»

«አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

ሹካዬን ይዤ ወጣሁ።

እሑድ፣ የካቲት 9

እንቅልፍ አይሉት ንቃት። ብነግራት እንጀራዬ። ባልነግራት እህቴ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አረፋውን እንደገና ከፍቼ ለካሁት። በሁለት መስመር ቢሆን «ነገሩን» ከላይ፣ «ተይው» ከታች... ይገባ ነበር። ተርፎት።

ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ። በሁለት መስመር መስበር የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው። ያን ቀን እንዴት ጠፋኝ? የታናሼን ነገር ገና አልሰማሁም ነበር። የሰማሁት ቤት ስገባ ነው። ስለዚህ እጄ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላስ? ዓርብ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ስታነበው፣ ቅዳሜ ስትጠይቀኝ፣ አፌን ምን ያዘው? ደራሲዋ ብቻ?

ሰውየው ሥራውን ካገኘ ይዟት ይሄዳል። እኔ እዚህ፣ ብልጭ ድርግም ከሚል መብራት ጋር።

ይኸው ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ኤሌክትሪሲያኑ ከቢሮ ስወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻው ላይ።

«እህትዓለም፣ ምን አጠፋሁ? ንገሪኝና ልካስ።»

«ለምን ደበቅካት?»

«ሥራው ይገኝ አይገኝ አላውቅም። ካላገኘሁት ለምን በከንቱ ትጨነቅ ብዬ።» ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረና «የኮሚኩ ሽማግሌ ያሉት ነገሩን ነው ብዬ ጻፍኩላት። አላየችውም» አለ።

እሱም ያነባል ለካ! ከታክሲ ነጂው ወገን።

«እነግርልሃለሁ» አልኩት። ቤት ገባሁ። አልነገርኩም።

እሑድ፣ የካቲት 16

ነገርኳት።

ድንች ትልጥ ነበር። የደራሲዋን ጽሑፍ ስልኬ ላይ ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። አነበበች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና አነበበች።

«አልገባ ብሎ ነው የቆረጥሽው?»

«አልገባ ብሎ።»

«ሁለት መስመር ብታደርጊውስ?»

ፊደል ለቃሚ እኔ፣ ያየችው እሷ።

«ይገባ ነበር» አልኳት። «ሳምንቱን ሙሉ አውቄ ዝም አልኩሽ። ሥራዬን ፈርቼ። ደግሞ... እንዳትሄጂብኝ።»

ድንቹን መላጥ ጀመረች። ልጣጩ ከወትሮው ወፈረ።

«እኔ እኮ መጀመሪያ የጠየቅኩት ሽማግሌውን አይደለም» አለች። «አንቺን ነው። እኔ ምን አውቃለሁ አልሽኝ። ምን ላድርግ፣ የሚመልስ ሰው ፈለግኩ።»

«ጠይቂው» አልኳት። «የሚለውን ከራሱ አፍ ስሚ። ከዚያ ብትተይውም፣ አብረሽው ብትሄጂም... ይከፋኛል፣ ግን እሱ የእኔ ጣጣ ነው።»

«ይኼን ለማለት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብሽ?»

«አረፋው ጠቦኝ።»

ልትስቅ ነበር፤ ያዘችው። «ቢላዋ አለልሽ፣ አግዢኝ» አለች።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ሰኞ ለደራሲዋ ለእህቴ መንገሬን አመንኩ። አራት ቀን አላናገረችኝም። ዕቃዬን በልቤ ሸክፌ ነበር። ዛሬ አዲሱን ክፍል ላከችው። ከላይ በቀይ፦ «ቃል እንዳትቆርጪ።»

ሃያ አንደኛው ሣጥን ላይ ጋሽ ቁልፌ ሞረዱን አስቀምጠው ለልብስ ሰፊዋ ይናገራሉ። አርባ ሦስት ቃል። ለሠዓሊው ደወልኩለት።

«ፂሙን ላጭልኝ።»

«አብደሻል?»

«በግማሽ እንኳ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ኤሌክትሪሲያኑ መጣ። ሥራውን አግኝቷል። ቀጣሪዎቹ መልሱን እስከ ወር መጨረሻ ይጠብቃሉ። ዛሬ የነገራት ራሱ ነው፣ ማንም ሳይቀድመው። ቀለበቱ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው። ከማንኪያ በኩል ወደ ሹካ በኩል መዛወሩን ግን አይቻለሁ፤ አንስታ አይታዋለች ማለት ነው።

ይሄን የምጽፈው በሬን ገርበብ አድርጌ ነው። መተላለፊያው ላይ መሰላል ዘርግቶ መብራቱን ይነካካል። እሷ ባትሪ ይዛለታለች። ሲያወሩ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም። እሱ ብዙ ይላል፣ እሷ ጥቂት። አሁን ድምጿ ከፍ አለ...

«ተወው በቃ» አለችው።

መብራቱን ይሁን ነገሩን እንጃ። ሰውየውን ግን ሊሆን አይችልም።