አራተኛው ስም

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ልደት ዘጠኝ፣ ሞት ሁለት፣ ጋብቻ የለም። የማኅተሙ ቀለም ደርቋል፤ ጠብታ ውኃ አድርጌበት መታሁ። አለቃዬ ስብሰባ ነው። እሱ ሁልጊዜ ስብሰባ ነው።

ባለጉዳዩ የአያቱን ስም ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የምንፈልገው ሦስት ስም ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። አራተኛ የሚጠይቅ ቅጽ በወሳኝ ኩነት ጽ/ቤት የለም። ይህን ሥራ የወደድሁት ለዚህ ይሆናል።

እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። ለትዕግስት። ልጁ አንተነህ ይባላል፤ የስማዳ ወገዳ ተወላጅ፣ እዚሁ ጋይንት ንፋስ መውጫ ከእሷ ጋር ጤና ጣቢያ ይሠራል። ጥሩ ልጅ ነው። እኔ ሰው ጥሩ ነው የምል አይደለሁም፤ አንተ ታውቀኛለህ ደብተሬ። ልጄ ግን ስሙን ስትጠራ ድምጿ ይለወጣል። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት

ሄዱ።

አራት ሆነው መጡ። ቆመን እንናገር፣ የለም ተቀመጡ፣ ወጉ ሁሉ ደረሰ። ከዚያ ቆጠራ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም፤ ከሰባት በታች የተገናኘ ዘመድ ነው፣ ዘመድ አይጋባም። እኔ ጀመርሁ። ትዕግስት ጌታሁን፣ ጌታሁን አበጀ፣ አበጀ ተሰማ፣ እያልሁ ሰባት ሞላሁ። ልጅ ሆኜ እንደ ዳዊት ያስጠኑኝ ነው፤ አልደናቀፍም።

የእነሱ ሽማግሌ ተቀበለ። በእናት በኩል ሰባት አደረሰ። በአባት በኩል፦ አንተነህ ወርቁ፣ ወርቁ ደምሴ፣ ደምሴ ቦርናልዲ። እዚህ ላይ ቆመ። ከዚህ በላይ ሮማ ሄዶ መቁጠር ነው፣ አንደብቅም፣ የመንገድ ሥራ ጣልያን ነበር አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በጥርሴ።

ተሰማ የአባቴ አባት አይደለም ደብተሬ። የአባቴ የእናቱ አባት ነው። የአባቴ አባት ቦርናልዲ ነው።

ላንተም ነግሬህ አላውቅም። አያቴ በወረራው ጊዜ ለመንገድ ሠራተኞቹ ልብስ ታጥብ ነበር። ወለደች። ሰውየው ሄደ። አባቷ ልጁን በራሱ ስም አስጠራው፤ ነገሩ ተዳፈነ። መልክ ግን አይዳፈንም። አባቴን ገበያ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ጣልያኑ ይሉት ነበር፤ ሲሰክሩ ደግሞ የሶላቶ ዲቃላ። እኔም ትምህርት ቤት ስድቡን ወረስሁ። በድንጋይ የፈነከትሁት አንድ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ጠባሳው ግንባሩ ላይ አለ። ከተማ ስገባ አፌን ዘጋሁ። ትዕግስት የምታውቀው ተሰማን ብቻ ነው።

ሽማግሎቹ አልተገናኘም፣ ይሁን አሉ። ሠርጉ ለጥር 18 ተቆረጠ። አራተኛው ስም ላይ እንደሚገናኙ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ለባለቤቴ ለዘውዴ ነገርኋት። በሠላሳ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ። መጀመሪያ ሳቀች። ይህን ሁሉ ዘመን ሽሮ ሳበላ የኖርሁት የጣልያን የልጅ ልጅ ነው እንዴ አለች። ከዚያ ትዕግስት ትዝ አለቻትና ሳቋን ዋጠችው።

ዝም በል አለችኝ። ስም ነው፣ ስም ይመሳሰላል። በዚህ ከተማ ስንት ጌታሁን አለ፣ ሁሉ ወንድምህ ነው? ቦርናልዲ እነሱ አገር እንደ ከበደ ቢሆንስ? አንዱ ከበደ ጋይንት ወለደ፣ ሌላው ከበደ ስማዳ ወለደ። ክርክሯ አይናቅም። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲጠፋ የተመኘሁትን ስም ዛሬ እንደ አሸዋ እንዲበዛ ተመኘሁ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

የደብራችን መሪጌታ ለልጃቸው የልደት ወረቀት ፈልገው ቢሮ መጡ። ቤተ ልሔም ድጓ የዘለቁ ናቸው፤ ነገር አያመልጣቸውም። የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኋቸው። የሁለት ሰዎች ቅድመ አያት ስሙ አንድ ቢሆን? ምንም አይደለም አሉ። በደብራችን ስንት ገብረ መድኅን አለ፣ ዘመድ የሚያደርገው ደም እንጂ ስም ነው? ደስ አለኝ። ወረቀታቸውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«የፈረንጅ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ እነሱ ስሙን እንደ ርስት ነው የሚያወራርሱት።»

የፈረንጅ ነው አላልኋቸውም ነበር። ወይ ሊቅ ናቸው፣ ወይ የአባቴን መልክ ያስታውሳሉ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ኔት ሠራ። አያቴ ያስቀመጠችው የቆርቆሮ ሳህን አለ፤ ከጀርባው ስሙ በሚስማር ተጭሯል። ፊደሉን ከዚያ ገልብጬ ስልኬ ላይ ጻፍሁ። የስሞችን ምንጭና ብዛት የሚናገር ገጽ ተገኘ። እንግሊዝኛዬ የድሮ አሥራ ሁለተኛ ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ቦርናልዲ፣ እጅግ ብርቅ ስም። ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች፣ ሁሉም በሰሜን ጣልያን አንድ ተራራማ ሸለቆ ውስጥ። ካርታው ላይ አገሩ ሁሉ ነጭ ነው፤ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ። ከሥሩ ሌላ የተለመደ ስም ነበር፤ እሱን ነካሁት፣ ካርታው እንደ በርበሬ ስጥ ቀላ። ተመልሼ ቦርናልዲን ነካሁት። ያችው ነጥብ።

ምንጩ የባሰ ነው። የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። እናቲቱ በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ስም የሚያወጣለት የማሳደጊያው ጸሐፊ ነው። ከማንም ቤተሰብ ጋር እንዳይጋጭ፣ ማንም የማይጠራበትን ስም ከራሱ ይፈጥራል። ለአንድ ሕፃን አንድ ጊዜ ተሰጠ። ዛሬ በስሙ የሚጠሩት ሁሉ የዚያ ሕፃን ዘር ናቸው ይላል።

አንድ ጸሐፊ። እንደኔ ማኅተሙ የደረቀበት፣ አለቃው ስብሰባ የሄደበት። ጻፈና ወደ ምሳው ሄደ። በር ላይ የተጣለው ልጅ ዘር ደግሞ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ሁለት ልጅ ጥሎ ሄደ። እውነትም ርስት ነው የሚያወራርሱት።

በእኛ አገር ስንት እንደሆንን ገጹ አይናገርም። እኔ ልሙላለት። አንድ በስማዳ፣ የአንተነህ አያት አቶ ደምሴ፣ በሕይወት ያሉ። አንድ በጋይንት፣ አባቴ፣ በሌላ ሰው ስም የተቀበረ።

ዘውዴ አሁንም ተስፋ አልቆረጠችም። አቶ ደምሴ የጣልያኑ ልጅ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ቤቱ ያሳደገው ሎሌ ቢሆኑስ፣ በጌታቸው ስም የተጠሩ? ሂድና በዓይንህ እይ አለችኝ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

አንዲት ልጅ ሕፃን ታቅፋ መጣች። የአባት ስም? የሕፃኑን ፎጣ አስተካከለች። ደግሜ ጠየቅሁ። የኔን አባት ስም ጻፍለት አለች። ተሰልፈው የቆሙት እርስ በርስ ተያዩ። ጻፍሁት። ቆንጆ አድርጌ ጻፍሁት፤ እጄ ለምዶታል። ስትወጣ አመሰገነችኝ። ምን እንዳደረግሁለት አታውቅም፣ ምን እንዳደረግሁበትም።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ትናንት ወገዳ ዋልሁ። የልጃችንን አገር ልይ ብዬ ሄድሁ፤ ማንም አልጠረጠረ። መንገዱ አጥንት ያወላልቃል። ጣልያኑ ይህን መንገድ ሳይጨርሰው ነው የሄደው፤ ሌላ ሥራ ይዞት ነበር።

አቶ ደምሴን አውድማ ዳር አገኘኋቸው። ልጆቻቸው ገብስ ይወቃሉ፣ እሳቸው ተቀምጠው በሬዎቹን ይሰድባሉ። ሰማንያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀና ሲሉ አባቴ ቀና አለ። ጆሮው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ማየቱ፣ አውራ ጣቱን በቀሪዎቹ ጣቶች ውስጥ ደብቆ መቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሎሌ አይደሉም።

ስለ ስማቸው ጠየቅኋቸው። አያፍሩበትም። እናታቸው ደፋር ነበረች፤ ያባትህ ስም ይህ ነው፣ የሚስቅ ይሳቅ ብላ አሳደገቻቸው። ተሰድበዋል፣ ሰድበዋል፣ አልፏል። ከዚያ ያልጠየቅሁትን ነገሩኝ። እናታቸው ወንድም አለህ ብላቸው ነበር፤ በጋይንት በኩል፣ ከአንዲት ልብስ አጣቢ። ጎረምሳ ሳሉ በእግራቸው ሊፈልጉት ሄዱ።

«ቤቱን ጠቁመውኝ ደረስሁ። አንዲት ሴት ወጣች። በቅል ውኃ ሰጠችኝ። የጣልያን ልጅ እዚህ የለም አለችኝ። ከኋላዋ አንድ ጎረምሳ እንጨት ይፈልጣል። ምሳሩን አቁሞ አየኝ። እኔም አየሁት። ካልፈለጉኝ ምን ላድርግ፤ ቅሉን መልሼላት መጣሁ።»

ውኃ የሰጠቻቸው አያቴ ናት። እንጨት የሚፈልጠው አባቴ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም።

እጄን ያዙና የልጅ ልጄ ከጋይንት ሲያገባ ደስታዬ ለዚህ ነው፣ ወንድሜን ባላገኝ አማች አገኘሁ አሉኝ። ከኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጠላቸውን ጠጣሁ፣ ምርቃታቸውን ተቀበልሁ፣ መጣሁ። ውሻ ነኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ለትዕግስት አልነገርኋትም። ዘውዴ እኛ ስንሞት የሚያውቅ አይኖርም ትላለች። እውነቷን ነው። አቶ ደምሴ ሲሞቱ ስሙም ይሞታል፤ የልጁ ወረቀት ላይ ሦስተኛው ስም ደምሴ ነው፣ ቦርናልዲ ከወረቀት ወጥቷል። ትንሽ መታገሥ ብቻ ነው የሚፈለግብኝ። ለዚህ ለዚህ ጎበዝ ነኝ።

ትዕግስት ቀሚስ ለክታ መጣች። ለብሳው በሩ ላይ ቆማ፣ እንዴት ነው አባየ አለችኝ። ያምራል አልሁ። ሁለት ጊዜ ዞረች።

አያቴ ዝም ያለችው ለልጇ ብላ ነው። አባቴም ለኔ ብሎ። እኔም ለሷ ብዬ። ሁላችንም ለልጅ ብለን ነው ልጅ የምናቃጥለው።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ነገርኋት። ሁሉንም፤ ስሙን፣ ገጹን፣ አቶ ደምሴን፣ ቅሉን። ዘውዴ መሐል ላይ ተነሥታ ወጣች።

አላለቀሰችም። መቼ ነው ያወቅኸው አለችኝ። ሽማግሎቹ የመጡ ዕለት አልሁ። አራት ሳምንት አለች። ከዚያ ለአንተነህ ልትደውል ስልኳን ይዛ ወጣች። ከመስኮቱ አየኋት፤ ግንቡን ተደግፋ ታወራለች፣ ታወራለች፣ ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ሠርጉ ቀረ። ከተማው ምክንያቱን ከሰኞ ጀምሮ ያውቃል። ዛሬ ቢሮ አንዱ ባለጉዳይ ሴኞር ብሎ ሰላም አለኝ። የአርባ ዓመት ድካሜ በሦስት ቀን ገደል ገባ፤ የሚገርመው አልከበደኝም። የከበደኝ ቤት ነው። ትዕግስት ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ቃል የለም። ቀሚሱን ለእናቷ ሰጥታ መልሺልኝ አለቻት።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

አቶ ደምሴ መጡ። ሐሙስ አስደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሜ የት ነው የተቀበረው? ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወስጄ አሳየኋቸው። ጽሑፍ የለበትም፣ ድንጋይ ተከምሮበታል። ተደግፈውኝ ቁጭ አሉ። እኔን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ለድንጋዩ ግን ተናገሩ።

«አይተኸኝ ነበር እኮ» አሉት።

አንድ ድንጋይ አንሥተው ከክምሩ ላይ አኖሩ።

ቤት ስንመለስ ትዕግስት ከክፍሏ ወጣች። ጉልበታቸውን ስማ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፣ እንደ አያቷ። ናቸውም። እሳቸውም ራሷን ዳበሱ። ከወገዳ ያመጣቸው አንተነህ ነው። እሱ ግን አልገባም፤ ከበሩ ውጭ ባጃጁ አጠገብ ቆሟል፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ዘውዴ እህል ሳይቀምስ አይሄድም፣ ጥሪው አለቻት። ትዕግስት እስከ በሩ ሄደች። እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ ቆመች። ተመልሳ መጣችና በሳምንቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየች።

«አባየ፣ በልጅነቴ ብታሳየኝ ወንድሜ እያልሁ እጠራው ነበር። አሁን ምን ብዬ ልጥራው?»

ጓዳ ገብቼ ነው ይህን የምጽፍልህ። እንጀራው ቀርቧል፣ ሽማግሌው ይጠብቃሉ፣ ልጁ አሁንም ውጭ ቆሟል። የምጠራው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለም። እወጣለሁ። ወጥቼም በሙሉ ስሙ፣ እስከ አራተኛው ድረስ፣ እጠራዋለሁ።