ባለ ስድስት ስፌቱ መጽሐፍ

አስካልዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የምጽፍልሽ የዕለት ማስታወሻዬን በምይዝበት ደብተር ላይ ነው። ከካኪና ከአቡጀዲ ወሬ መሐል ሳስገባሽ ቅር አይበልሽ፤ በሕይወትሽም ሱቅ ስትመጪ የምትቀመጪው ጣቃዎቹ መሐል ነበር።

ቤቱ ደኅና ነው። ጣሪያው ተጠግኗል። ቀይዋ ዶሮሽ ዛሬም እንቁላሏን የምትጥለው አልጋችን ሥር ነው፤ ላስወጣት ብሞክር እንደ ባለቤት ትቆጣኛለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደግሞ ሙት ዓመትሽ ባለፈ በሳምንቱ ሊድሩኝ ተነሡ። መጀመሪያ የይጁቤዋን ሴት አነሡልኝ፣ ቀጥሎ የጉንደ ወይኗን፣ አሁን ደግሞ የቁይዋን። ሰበባቸው የካፖርቴ ቁልፍ መውደቁ ነው።

"አንተ፣ የጨርቅ ነጋዴ ሆነህ ደረትህን ከፍተህ ስትሄድ አታፍርም? ቁልፍ የሚተክልልህ ሰው ያስፈልግሃል!"

"ለአንዲት ቁልፍ ሠርግ ይደገሳል እንዴ፣ እትዬ?"

"ዛሬ ቁልፍ ነው፤ ነገ ሱሪ ይሆናል!"

የቁልፍ ነገር ሲነሣ ያ ያንቺ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ለሕክምና አዲስ አበባ እኅትሽ ቤት ሦስት ወር ቆይተሽ፣ ልወስድሽ ስመጣ ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ብጠይቅሽ ስለ ቴሌቪዥን ነገርሽኝ። ጎረቤት ቤት በየሳምንቱ ታዪው የነበረው ያ ካፖርት ለባሽ ፈረሰኛ፣ የጠፋ ወንድሙን ሲፈልግ ድልድይ መሐል ደርሶ ነበር። ዓባይን ስንሻገር እንኳ ስለ ገደሉ አልፈራሽም፤ ስለ እርሱ ነበር የምትጨነቂው። በኋላ እኅትሽ ትርኢቱ እዚያው ድልድዩ ላይ እንዳለቀ፣ ታሪኩ ግን በሥዕል መጽሐፍ መቀጠሉን ጽፋ ላከችልሽ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ስሄድ ቅመም ማዘዝ ትተሽ ያንን መጽሐፍ ማዘዝ ጀመርሽ።

መርካቶ ለመጠቅለያ ከሚሸጥ አሮጌ ወረቀት መሐል ስድስት መጻሕፍት አገኘሁልሽ። የሁሉም ሽፋን ተገንጥሏል፤ ቁጥራቸው ደግሞ የነበረው ሽፋኑ ላይ ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ፤ የእኔ እንግሊዝኛ ጣቃ ላይ ከሚመታው ማኅተም አያልፍም። በወረቀቱ እርጅና ልደርድራቸው ስል ሳቅሽብኝና የሰውዬውን የካፖርት ቁልፎች ቆጠርሽ። ድልድዩ ላይ አምስት ነበሩ፤ ድልድዩ ያለበት መጽሐፍ አንደኛ ሆነ። ባለ አራቱ ሁለተኛ፤ እንዲህ እያለ እስከ ባለ አንዱ ወረደ፤ በእርሱም ላይ ሰውዬው ጉንጩን ቆሰለ። "የወደቀ ቁልፍ ተመልሶ አይበቅልም" አልሽኝ። ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩት ሰው ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ስድስተኛው ግን አጣላን። ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለ፣ ቁልፎቹ ደግሞ አምስት! "አግብቷል! ሚስቱ ተክላለታለች፤ መሐል ላይ አንድ መጽሐፍ ጎድሏል" አልሽ። "ሠዓሊው ረስቶ ነው" አልኩ። ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ መጽሐፉ ከተገኘ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ዕቃ እንደምታውቂ በእትዬ ዘነበች ፊት ልመሰክር ተወራረድን።

ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋ በየጀርባቸው በቀይ ክር ሰፋሽ፤ ለአንደኛው አንድ ስፌት፣ ለሁለተኛው ሁለት። ካረፍሽ በኋላ ሳገላብጣቸው የመጨረሻው ላይ ሰባት ስፌት አገኘሁ። መጻሕፍቱ ስድስት ናቸው። ሕመሙ ቆጠራ አሳስቷት ነው ብዬ አዘንኩ። ግን አንቺ ቆጠራ ተሳስተሽ አታውቂም። ቦታ መተውሽ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ መርካቶ በሄድኩ ቁጥር ወረቀት ተራውን ሳልፈትሽ አልመለስም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አገኘሁት። ሻጩ ደስታዬን አይቶ እንዳያስወድድብኝ "ይህ በርበሬ ይይዛል ወይ?" እያልኩ አገላበጥኩት። ሰውዬው ጉንጩ ላይ ጠባሳው እያለ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። መርፌ በእጁ፣ ክር በጥርሱ፤ ቁልፉን የሚተክለው ራሱ ነው። ሚስት የለችም። ፈረሱ ከኋላው አንገቱን አስግጎ በእትዬ ዘነበች ዓይን ያየዋል። ሳቅኩ፤ ሳቁ መሐል ላይ ጥሎኝ ሄደ።

ደብረ ማርቆስ እንደ ገባሁ እትዬ ዘነበችን ጠርቼ ቃሌን ፈጸምኩ፤ መጽሐፍ ጎድሏል ያልሽው አንቺ፣ ሠዓሊውን ያማሁት እኔ መሆኔን መሰከርኩ። ሥዕሉን ቀረብ አድርገው አዩት።

"ሚስቱስ የታለች?"

"የለችም።"

"አዬ ምስኪን! ይህንንስ የቁይዋ ልጅ ትሆነው ነበር።"

ከዚያ ካፖርቴን አዩና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

እርሳቸው ሲሄዱ ቀይ ክርሽን አውጥቼ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ስድስት ስፌት ሰፋሁ። አንዱ ተጣሟል። ትተሽለት በሄድሽው ቦታ ግን ልክ ገባ። በተረፈው ክር የካፖርቴን ቁልፍ ተከልኩ። ካፖርቱ ጥቁር፣ ክሩ ቀይ ነው፤ የጨርቅ ነጋዴ ሆኜ እንዲህ ለብሼ ስታይ ገበያው ይስቅብኛል። እስኪበጠስ አልቀይረውም። ቢበጠስም ከክርሽ ገና ብዙ አለ።

ባለቤትሽ