ሳህኑን ያየ የለም

ፓቲያላ፣ ሕንድ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

አካም ጅርቱ፣ አባኮ? እርስዎ፣ እማዬና ወንድሜ ያደታ እንዴት ከረማችሁ? ነቀምት ዝናቡ ገብቷል ሲሉ ሰማሁ። ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርዎትን ጉልበት ልጠይቅ ደጋግሜ ደውዬ ነበር፤ አላነሱልኝም። እማዬ ስታነሳው ደግሞ እርስዎ ከክፍሉ ሲወጡ በሩ ይሰማኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ ተናድጃለሁ፣ አባዬ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

በአማርኛ የምጽፍልዎ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤን፣ ማንበብ እንደሚያስቸግርዎት ስለማውቅ ነው። ያደታ እንዲያነብልዎት አልፈልግም፤ ራስዎ ያንብቡት። ደብዳቤውን የሚያመጣው በርናባስ አብሮኝ ይማር የነበረ የቢላ ከተማ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ መግባቱ ነው። ስለ እኔ አይጠይቁት፤ የሚያውቀው ነገር የለም። ምሳ ሳይበላ ግን አይስደዱት።

ያደታ ሁሉን ነግሮኛል። እሁድ ዕለት ስብከቱ ሲያልቅ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነስተው ወደ ፊት ወጡ አለኝ። «ልጄ ስታለች፤ ለጣዖት ሰግዳለች፤ ምእመናን ይቅር በሉኝ» አሉ አለኝ። ስሜ ከመዘምራን ተሰረዘ። አጠገብዎ የሚቀመጡት ኦቦ ሞረዳም ፎቶዬን በስልካቸው ይዘው ላላዩት ሲያሳዩ ዋሉ። ያንን ፎቶ እኔ የላክሁት ለእማዬ ነበር። እሷ ደስ ብሏት ለጎረቤት አሳየች፤ ጎረቤት ለኦቦ ሞረዳ አሳለፈው። እሷን አልቀየምኩም። የተቀየምኩት እርስዎን ነው። ወደዚያ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ደውለው ምንድን ነው ነገሩ ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ስመጣ ምን ብለው እንደሸኙኝ ያስታውሳሉ። መኪና ይነዱ በነበረበት ዘመን አሰብ ድረስ ያዩትን አውርተው አይጠግቡም፤ አገር ያላየ ሰው ዓይኑ አልተገለጠም ይሉኛል። ሕንድን ሳታዪ እንዳትመለሺ፣ ያየሽውንም ፎቶ እያነሳሽ ላኪልኝ አሉኝ። እኔም ላክሁ። ያን ነጭ ሕንጻ፣ ታጅ ማሃልን፣ ለሰው ሁሉ ሲያሳዩ እንደሰነበቱ እማዬ አጫውታኛለች። ያ ፎቶ ከወንዝ ማዶ የተነሳ ነው፣ አባዬ። የመግቢያው ዋጋ ለውጭ አገር ሰው ሌላ ነውና እኔና የክፍል ጓደኛዬ ቀለሟ በሩን አይተን ተመለስን። ከዚያ አንድ ባለጀልባ ጠቁሞን ማዶ ዞረን፣ አሸዋው ላይ ቆመን አየነው። በባቡሩም በርካሹ ፉርጎ፣ መጸዳጃው ደጃፍ፣ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ነው የሄድነው። አንድ ሳህን ሩዝና ምስር ለሁለት እንበላለን። ሲመሽ ሙዝ ካገኘን እሱ ራት ነው። በሸክላ ኩባያ የሚሸጠውን ሻይ እየተቀባበልን ስንጠጣ ሳቃችን መንገደኛውን ያስቆመው ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎን ነበር፤ እሱን አልክድም።

ከዚያ ግን መጥፎው ዓመት መጣ። ከኑኑ ቁምባ በኩል የተፈናቀሉት ዘመዶቻችን ቤታችንን ሞሉት። እማዬ በስልክ ስታለቅስ ሰማሁና ለእኔ አትላኩልኝ፣ ዩኒቨርሲቲው ያበላናል አልኳት። እርስዎም ከጎኗ ሆነው ተመስገን አሉ።

ዩኒቨርሲቲው አያበላንም።

አምሪትሳር የሚባል ከተማ ውኃ መሐል የቆመ የወርቅ ቤት እንዳለ፣ ሲኮች የሚባሉት አማኞች እዚያ የመጣውን ሰው ሁሉ በነፃ እንደሚያበሉ ቀለሟ ሰምታ መጣች። ለጉብኝት ነው የምንሄደው ተባባልን። ለምን እንደምንሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እንደደረስን ጫማችንን አስረከብን፤ እግራችንን ታጠብን። ፀጉሩን ያልሸፈነ አይገባምና ከቅርጫት ብርቱካንማ ሻሽ አውጥተው ሰጡን። ያን ጊዜ እርስዎን አሰብሁና ቆምሁ። ደጃፉ ላይ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባለኝ ጥቂት ሕንድኛ ክርስቲያን ነኝ፣ ይፈቀድልኛል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አሉኝ። «በልተሻል ወይ?»

አልበላሁም አልኳቸው። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ምንጣፍ ላይ በረድፍ ተቀመጥን። በአንድ ጎኔ ወርቅ ያንጠለጠለች ሴት፣ በሌላው እግሩ በአቧራ የነጣ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ቂጣ ሲያድሉ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። ልጅ ሆኜ እርስዎ ያስተማሩኝን የማዕድ ጸሎት በኦሮምኛ፣ በልቤ ጸለይሁ። ለማንም አልሰገድሁም፤ ስገጂ ያለኝም የለም። ምስሩን ጨመሩልኝ፤ ደግሞ ጨመሩልኝ። ስንጠግብ ከሴቶቹ ጋር ሳህን አጠብን። ፎቶውን ቀለሟ ያነሳችው ስበላ ነው። ለእማዬ የላክሁላትም ከዚያ በፊት ያነሳኋቸው ሁሉ ፊቴ የከሳባቸው ስለሆኑ ነው። እንዲህ በነፃ የሚያበላ ቤት እዚህ ፓቲያላም እንዳለ በኋላ ነው ያወቅነው።

እናንተ ግን ምን አያችሁ? ኦቦ ሞረዳ ሻሹን አዩ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የወርቁን ቤት ሥዕል አዩ። ሳህኑን ያየ የለም። እጄ እንዴት እንደቀጠነ ያየ የለም። ይህች ልጅ በሰው አገር ወለል ላይ ቁጭ ብላ የማንን ማዕድ ነው የምትበላው፣ ለምን ብላ ነው ያለ አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ምእመን መሐል አልተገኘም። አባቷም አላለም።

ከመምጣቴ በፊት፣ መጀመሪያ ጊዜ ተፈናቃይ ሲመጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ያስከፈቱት እርስዎ ነበሩ። ከወሎ ሰፋሪዎች ወገን የሆነችው ሩክያ ከነልጆቿ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሂጃቧን አላወለቀችም። ኦቦ ሞረዳ መጀመሪያ ወንጌል ይሰበክላቸው ሲሉ እርስዎ ጭልፋውን እንደያዙ «መጀመሪያ ይብሉ» አሏቸው። አጠገብዎ ሆኜ ሳህን አቀብል ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሩክያ በላች፤ ልጆቿን አበላች፤ አርብ ሲሆን መስጊዷ ሄደች። ጴንጤ ሆነች ያላት የለም። እኔ ያን ዕለት በአባቴ ኮርቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ሰው አባቴ ነው። ታዲያ እሁድ ዕለት ወደ ፊት የወጡት ማን ናቸው?

በሰኔ መጨረሻ ትምህርቴን ጨርሼ እገባለሁ። ምእመናን ፊት ቆሜ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይህን ከአሁኑ ይወቁልኝ። እርስዎ ግን እኔ በገባሁ በመጀመሪያው እሁድ በቆሙበት ቦታ ተመልሰው እንዲቆሙልኝ እፈልጋለሁ። ልጄን ርቧት ነበር ይበሉ። ሌላ አይጨምሩ። መዝሙሩንም የመዘምራኑን ወንበርም አልፈልግም፤ ያችን ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ይህን አደርጋለሁ ካላሉኝ ነቀምት አልደርስም፤ ጉቴ ላይ ከአውቶብስ ወርጄ አክስቴ እታገኝ ቤት እገባለሁ። እማዬ እዚያ መጥታ ታየኛለች። እርስዎ ደጃፏ እስኪመጡ ድረስ እኔ ወደ ቤትዎ አልመጣም። ልጅ ለአባቱ እንዲህ አይጽፍም ይሉ ይሆናል። አባትም ለልጁ እንዲያ አያደርግም።

ስለ መራቤ ያነበቡትን ለእማዬ አይንገሯት። እሷ ከሰማች እህል አይወርድላትም፤ እኔ ራሴ ስመጣ፣ ዓይኗ እያየኝ እነግራታለሁ።

ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ቀለሟ ወረፋዬን ይዛ ቶሎ በይ እያለችኝ ነው፤ ካለፈን እስከ ማታ ሌላ ማዕድ የለም።

ጉልበትዎን ጌታ ያጽናልዎት። ቤታችሁ የገባው ሁሉ ጠግቦ ይውጣ። ተናድጄም ቢሆን ዕድሜዎን አብዝቶ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ።

ልጅዎ