ከጎንህ ያለው ቦታ

ጴጥሮስዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። የሄድክ ግን አይመስለኝም። አመሻሽ ላይ የግቢው በር ጋ የቆምክ ይመስለኝና ወጥቼ አያለሁ፤ ማንም የለም። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኜ ይህን ለማን እነግራለሁ? ለአንተ ልንገርህ፤ አንዳንዴ ትገባ እንደሆነ ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

ቤታችን ደህና ነው። የጓሮው እንሰት ደርሷል። የሚያፈስሰውን ጣሪያ አሳድሻለሁ። ልጃችን ሣራ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ፣ እዚሁ ሶዶ ከጓደኞቿ ጋር ፖድካስት የሚሉትን ጀምራለች። እንደ ሬዲዮ ያለ ነው፤ በስልክ ይደመጣል። አነጋገሯ ቁርጥ አንተን ነው። ከጓዳ ሆኜ ስሰማት ስንት ጊዜ «አቤት» ብዬሃለሁ!

ባለፈው ወር ሕዝብ በተገኘበት አዳራሽ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ውይይት ቀረጹ። ቀበሌው «ምንድን ነው የምታወሩት?» እያለ አመላልሷቸው በመጨረሻ ፈቀደ፤ ዘመኑን ታውቀዋለህ። ከአዲስ አበባ አንድ ደራሲ፣ ከአርባ ምንጭ ለሴቶች መብት የምትሟገት ወጣት መጡ። ከአገር ሽማግሌዎች ደግሞ ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ቶማ ተጋበዙ። የጋበዘቻቸው ሣራ ናት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለ መሬት ጥበት፣ ሥራ አጥተው ስለሚሰደዱ ልጆች ተነገረ። ከዚያ ጋሽ ቶማ ማይኩን ይዘው፣ «ወላይታ አንድ ቤት ነው፤ በመካከላችን ትልቅና ትንሽ የለም» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የእኔ እጅ አልነሣ አለኝ።

የቀብርህ ቀን መጣብኝ። አንተን ወደ አባቶችህ መቃብር ሲያስገቡህ፣ «የሸክላ ሠሪ ልጅ እዚህ አትረግጥም» ብለው ከአጥሩ ውጭ ያስቆሙኝ እሳቸው ነበሩ። ሣራን ያንተ ደም ናት ብለው አስገቧት። እኔ፣ ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ አብሬህ የበላሁት፣ አፈር ሲመለስብህ ያየሁት በአጥር ቀዳዳ ነው። አንተ ደግሞ ታመህ ሳለህ እጄን ይዘህ፣ «ከጎኔ ነው የምትተኚው» ብለኸኝ ነበር።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ያንተን ሳል ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ። ዞር ስል ባዶ ወንበር ነው። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። አማርኛው አፌ ላይ ተሳሰረብኝና በወላይትኛ ጠየቅሁ፤

«ጋሽ ቶማ፣ ስሞት ከባሌ ጎን እቀበራለሁ?»

ጋሽ ቶማ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ይህ የባህል ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ አይነገርም» አሉና ማይኩን ለሣራ ዘረጉላት። ልጅህ አልተቀበለቻቸውም። «ጋሼ፣ እናቴ የጠየቀችው ከአባቴ ጎን ትቀብሯታላችሁ ወይስ አትቀብሯትም ነው» አለች።

«አይሆንም» አሉ።

እንግዳው ደራሲ «ምን ተባባሉ?» እያለ ግራ ቀኙን ጠየቀ። የሚተረጉምለት ሰው ጠፋ።

ጓደኞቿ ያን ክፍል ቆርጠው ሊያወጡት ነበር። ሣራ፣ «እማ፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ይቆይ አልኳት። ከተበላ ከተማ እስከ ቤሌ ከተማ በየስልኩ ተሰማ። ገበያ ስወጣ አንዱ ፊቱን ያዞርብኛል፤ ሌላው አቁሞ ጉንጬን ይስመኛል። እኔም ራሴ ሰማሁት። ከጥያቄዬ በፊት ያ ሳል አለ። ሣራ ከተሰብሳቢው አንዱ ነው ትላለች። እኔ መልሼ መልሼ ከፈትኩት።

አንድ እሑድ የጋሽ ቶማ ሚስት አስቴር በጓሮ በኩል ገባች። አንተ በሕይወት ሳለህ ውሃ እንኳ ከእጄ ተቀብላ አታውቅም። «ምሳ አለሽ?» አለችኝ። የተቀቀለ የቦዬ ሥርና ጎመን አቀረብኩላት። በላች። እኔ እያየኋት መጉረስ አቃተኝ። ስትጨርስ እጇን እንኳ ሳትታጠብ፣

«ማርታ፣ ከጴጥሮስ ጎን ያለውን ቦታ ለእኔ ነው የያዙት» አለች። «አልተኛበትም ብዬ ለቶማ ነግሬዋለሁ። ያንቺ ነው።» ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ጋሽ ቶማ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ አያናግሯትም ይባላል። ሽማግሌዎቹ ሁለቴ ተሰብስበው ሳይስማሙ ተበትነዋል።

ጴጥሮስዬ፣ ጎንህ ክፍት እንደሆነ አሁን አውቄአለሁ። ምናልባት በር ላይ የሚያቆምህም ይኸው ይሆናል። እስኪወስኑ ድረስ እሑድ እሑድ እመጣለሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ የሰማ ይስማ። አልረሳህም። እምቢ ብለው ሌላ ቦታ ቢያኖሩኝ ደግሞ ለሣራ አደራ ብያታለሁ፤ ፊቴን አንተ ወዳለህበት አዙራ ታስተኛኛለች።

ሚስትህ ማርታ