የጉረኛው አንገት ልክ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽም እኔም ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ለውሻሽ አዲስ የአንገት ማሰሪያ ልትገዢለት፣ «የጉረኛውን አንገት ለክተህ ላክልኝ» ካልሽኝ ሰነበተ። ዛሬ ነገ ስል የከረምኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥራ ቦታ ጥንት ከብት ይታረድበት ነበር የተባለውን ሜዳ ሳንቆፍር የመሬትን ውስጥ በሚያሳይ ራዳር ስናስስ ከረምን። አጥንት የሚባል ነገር አላሳይ አለን። አለቃችን ተበሳጨች።

«አጥንት መቀበሩ በእርግጥ የሚታወቅበት መሬት ቢገኝ እኮ መሣሪያውን እንሞክርበት ነበር» አለች።

«እኛ ጓሮ አለ» አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

ቅዳሜ መጣች። ገመድ ወጥረን ራዳሩን ከልብስ ማስጫው እስከ አጥሩ መስመር በመስመር ጎተትኩት። አጥንቱ አልታየም። የታየው ጉድጓዱ ነው፤ አንዴ የተቆፈረ አፈር እንደ ድሮው አይተኛም። ቀጥሎ ማግኔት መለኪያውን ሳሳልፍ እዚያው ላይ ቁጥሩ ዘለለ።

«አጥንት እንዲህ አያደርግም። ምን ብረት አብረው ቀበሩ?» አለችኝ።

«የአንገት ማሰሪያው ዘለበት ነው» አልኳት።

እናትሽ ኩሽና በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ለአለቃህ ተናግረህ ከልጅህ ትደብቃለህ?» ብላኝ ገባች።

ልጄ፣ ጉረኛው የለም። ክረምት ላይ መሣሪያ ከመኪና ሳወርድ የግቢውን በር ሳልዘጋ ረሳሁት። ሾልኮ ወጣና መኪና ገጨው። ስትሄጂ «አባዬ፣ በሩን አደራ» ያልሽኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በደወልሽ ቁጥር «በልቶ ተኝቷል» ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። ፈተናሽ እስኪያልፍ ብዬ ነበር፤ ፈተናሽም አለፈ፣ እኔም ዝም አልኩ። በራሴ አፍሬያለሁ።

አለቃችን ቆፍራ ልታረጋግጥ ፈልጋ ነበር፤ አይሆንም አልኩ። ለማንኛውም ውሻሽ አስተማረን፤ ሜዳው ላይ አሁን የምንፈልገው አጥንቱን ሳይሆን የተቆፈረውን አፈር ነው።

አሮጌውን ማሰሪያ ላወልቅለት አልሆነልኝም፤ አንቺ የቆለፍሽው ቀዳዳ ላይ እንዳለ ቀበርኩት። ስለዚህ የምልከው ልክ የለኝም። አዲሱን አትግዢ።

በሩን አሁን ሁልጊዜ እዘጋለሁ፤ የሚወጣ ግን የለም።

ክፉ አይንካሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ። ተቆጥተሽም ቢሆን ደውዪልኝ።

አደራሽን የበላ አባትሽ